በሽሮ በር የገባው

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ተነስቼ ዕቃ የማጥብ ሰው ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ፣ ለሁሉም ነገር ምክንያት እፈልጋለሁ፣ ካላገኘሁም ገና በደንብ አልፈለግኩም እላለሁ። አሁን ለምነግራችሁ ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁለት።

የምኖረው ሮም፣ ሮማኒና የሚባል ሰፈር፣ እትዬ ብርሃኔ የሚባሉ ሴት ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ቤት ተቀጥረው ሠርተው አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ፖንቴ ማሞሎ የሜትሮ ጣቢያ ደጃፍ አግኝቼ ያመጣኋት ቡናማ ውሻ አለችኝ፣ በመልኳ ምክንያት ሽሮ ያሏት እትዬ ናቸው። ስም ያውጡላት እንጂ ወለላቸው ላይ ስትሸና አልታገሷትም።

"መምህርት፣ ለፋሲካ እንግዳ አለብኝ። እስከዚያ ደጅ መውጣት ካልተማረች ወደ ካኒሌ ነው የምትሄደው፣ ቫ ቤኔ፣ ተግባባን?"

ካኒሌ ባለቤት ያጡ ውሾች የሚታጎሩበት ቦታ ነው። ሽሮን እዚያ ማሰብ አልቻልኩም።

አሎራ፣ እንግዲህ ነገሩን በሥርዓት ያዝኩት። የውሻ በር ሲመረጥ የሚለካው ቁመት ብቻ አይደለም፣ ዋናው የትከሻ ስፋት ነው፣ ለክቼ፣ ካርቶን ላይ ስዬ ቆርጬ፣ ካርቶኑን ይዤ ኤስኲሊኖ ገበያ ሄጄ ገዛሁ። የመረጥኩት ባለማግኔቱን ነው፣ ከውስጥ ገፍታ ትወጣለች፣ ከውጭ ግን የሚከፈተው አንገቷ ላይ ያለው ማግኔት ሲጠጋው ብቻ ነው፣ አለዚያ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ይገባል። ወደ ግቢ የሚያወጣውን የኩሽና በር በመጋዝ ቆርጬ በብሎን ገጠምኩት፣ እመኑኝ፣ እትዬ እንኳ "እጅሽ ከአናጢ አያንስም" ብለውኛል።

ችግሩ ማሠልጠኑ ላይ መጣ። ውሻ የሚማረው በሽልማት ነው፣ ቁራጭ ቋሊማ ታሳዩታላችሁ፣ ያልፋል፣ ይበላል። ወቅቱ ግን ሁዳዴ ነበር።

"በጾም ቋሊማ እዚህ ቤት አይገባም።"

"እትዬ፣ ለውሻዋ እኮ ነው!"

"እሷስ የማን ቤት ነው ያለችው? ሽምብራ ስጪያት።"

ሰጠኋት። ሽሮ ሽምብራውን አሸተተች፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ተኛች። የውሻ በሩን ክዳን በፕላስተር ወደ ላይ ለጥፌ፣ ውጭ ተንበርክኬ ብለምናትም ንቅንቅ የለም። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

የሆሳዕና ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ኩሽና ውስጥ እትዬ ምስር ይለቅማሉ፣ እኔ ደብተር አርማለሁ፣ ሽሮ በሩ ሥር ተጋድማለች። የአንገት ማሰሪያዋን አጥቤው ስለነበር ማግኔቱ እኔ ፊት ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ይህን ልብ በሉልኝ። እትዬ ቀና እንኳ ሳይሉ፣

"ደጆች! ይግቡ!" አሉ።

"ማንን ነው እትዬ?"

"'ቤቶች' ሲሉ አልሰማሽም? ተነሺ ክፈቺላቸው እንጂ፣ ሰው ደጅ ይቆማል?"

እኔ ምንም አልሰማሁም። ልነሳ ስል ክዳኑ ቀጭ አለ። ወደ ውስጥ ተከፈተ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው በእጁ እንደያዘው ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ተመልሶ ተዘጋ። ነፋስ ነው እንዳትሉኝ፣ ግቢው ውስጥ የተሰጣው ልብስ እንኳ አልተወዛወዘም። ሽሮ ተነሳች፣ አልጮኸችም፣ ጭራዋን እየቆላች ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ መንገድ ለቀቀች፣ ዓይኗ አንድ የማይታየኝን ነገር እየተከተለ እስከ ፍሪጁ ጥግ ሄደ። ከዚያ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ክዳኑን በአፍንጫዋ ገፍታ ወጣችና የግቢው ዛፍ ሥር ሸናች።

ሮጬ አየሁ፣ ግቢው ውስጥ ማንም የለም፣ የውጭው በር እንደተቆለፈ ነው።

"ማን ናቸው?" አሉ እትዬ።

"ማንም የለም። ድምፁ ምን ዓይነት ነበር?"

"የጨዋ ሰው ድምፅ" አሉና ምስራቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሽሮ አንድም ቀን ወለሉን አላበላሸችም። የፋሲካ እንግዶች መጡ፣ እትዬ ካኒሌ የሚለውን ቃል ረሱት፣ የበግ አጥንት በእጃቸው ሰጧት። አልዋሻችሁም፣ ቤታችን ደስ የሚል ቤት ነው፣ እኔም ክፍሌን የመልቀቅ ሐሳብ የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ሽሮ ፍሪጁ ጥግ ባለው ምንጣፏ ላይ ድሮ መሃሉን ይዛ ተዘርግታ ነበር የምትተኛው፣ አሁን አንዱ ጠርዝ ላይ ተጣብቃ ነው። ትናንት ጠዋት እሷ ግቢ ውስጥ ስትሯሯጥ አርፍዳ ነበር፣ እኔ ምንጣፉን ላራግፍ ጎንበስ አልኩ። እሷ የምትተኛበት ወገን ቀዝቅዟል። ሌላኛው ወገን ሞቅ ያለ ነበር።

ሳላራግፈው ተውኩት።