የብዙአየሁ እሺታ

እናትነሽ ከምሳ ተመልሳ የከለላ ክፍሉን መስኮት ከፍታ ገና ሳትቀመጥ፣ ተንቀሳቃሹ መንገድ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት አምጥቶ ደጃፏ ላይ አራገፈላት። መንገዱ ሰው ማራገፉ አዲስ ነገር አልነበረም። በሰገነት ከተማ መንገዱም፣ ድልድዩም፣ አሳንሰሩም የሚታዘዙት ለአራራቂው ነው። አራራቂ የሚባለው ችሎቱ "አትቅረባት" ብሎ የወሰነውን የሚያስከብረው ማሽን ሲሆን፣ ከሳሽም ተከሳሽም ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አልቦ ያስራሉ፤ ማሽኑም በመካከላቸው ሁለት መቶ ሜትር እንዳይጎድል በር እየዘጋ፣ መንገድ እያጠፈ ያለያያቸዋል። እናትነሽ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየወሩ መጨረሻ "ጥሰት፦ ዜሮ" በሚል ሪፖርት ላይ ስትፈርም ኖራለች። ክፍሉ በዚሁ ሦስት ዋንጫ ተሸልሟል፤ በአንደኛው እስክሪብቶ ታስቀምጥበታለች።

"የት ልትሄጂ ነበር?" አለቻት ሴትዮዋን።

"ለቅሶ።"

"የማን?"

"የአባቴ።"

ብዙአየሁ ትባላለች። አባቷ ካረፉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ድንኳኑ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል። ልጅየዋ ግን እስካሁን አልገባችም። ቀብሩን ያየችው ሁለት መቶ ሜትር ርቃ፣ ከአንድ ጽድ ሥር ቆማ ነው። ትናንት አሳንሰሩ ሽቅብ ጀምሮ ቁልቁል አወረዳት። ዛሬ ደግሞ ድልድዩ ተዘጋባት።

"ድንኳኑ ውስጥ ማን አለ?"

"ደምሰው ነዋ። ባሌ የነበረው፤ ክንዴን የሰበረው። ከወንድሞቼ ጎን ተቀምጦ እግዜር ያጽናህ ይባላል። አማች አይደል፣ እትዬ?"

እናትነሽ ማሽኑ ቢበላሽ ነው ብላ ፋይሉን ከፈተች። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ሰዎች አራት መቶ አሥራ ሰባት ጊዜ ሊገጣጠሙ ደርሰዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ማሽኑ ደምሰውን ስድስት ጊዜ ተመለስ ብሎት ነበር። ስድስቱንም ጊዜ በር ረግጦ፣ ቢሮ ድረስ መጥቶ ጮኾ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ያለውን አራት መቶ አሥራ አንዱን የተመለሰችው ብዙአየሁ ናት። ከየስማቸው ጎን "እሺታ" የሚል ከመቶ የሚሰጥ ቁጥር ሰፍሯል፤ ማሽኑ ሰው ሲታዘዝ ምን ያህል ቶሎ እሺ እንደሚል የሚለካበት ነው። ደምሰው አሥራ አንድ። ብዙአየሁ ዘጠና ስምንት።

ሌሎች አሥር ፋይሎች ገለጠች፤ ያው ነው፤ በሁሉም የሚመለሰው እሺታው ከፍ ያለው ነው። የሠራተኞች መዝገብ ውስጥ ገብታ የራሷንም አየች። ዘጠና ዘጠኝ።

ወደ ኃላፊዋ ወደ አቶ ልሳነወርቅ ገባች።

"ተገናኝተዋል?" አሏት።

"አልተገናኙም።"

"ተመታች?"

"አልተመታችም።"

"እንግዲያ ማሽኑ ሠርቷል።"

"ከአባቷ ለቅሶ እኮ ነው የቀረችው።"

"መቃብሩ ጋ ነገ ትሄዳለቻ፣ እናትነሽ። መቃብር የት ይሄድብሻል?"

ተመልሳ መስኮቱ ላይ ዘንበል አለች። "ስሚኝ ልጄ፤ እሺታሽ ከሱ በታች ካልወረደ ማሽኑ እሱን አያስነሣልሽም። እምቢ በይ።"

"ማንን?"

"ተመለሺ ያለሽን ሁሉ። ድልድዩ አፍ ላይ ሄደሽ ቁጭ በይ።"

ብዙአየሁ ትንሽ አሰበችና፣ "ይፈቀዳል?" አለች።

ዘጠና ስምንት በከንቱ አልተሰጣትም፣ አለች እናትነሽ በሆዷ።

አሥር ሰዓት ላይ በስክሪኗ አየቻት፤ ነጠላዋን አጥፋ ድልድዩ አፍ ላይ ተቀምጣለች። "ውድ ተገልጋይ፣ ለደኅንነትዎ ሲባል ይመለሱ" አላት ማሽኑ። አልተነሣችም። እሺታዋ ወደ ዘጠና አንድ ወረደ። ከኋላዋ ለመሻገር የመጣው ሰው ሁሉ አብሮ ታገደ፤ ሰልፉ እስከ ዳቦ ቤቱ ደረሰ።

"እህት፣ ሥራ አለን እኮ።"

"ሐዘን ላይ ናት መሰል።"

"ሐዘን ላይስ ብትሆን? ተነሺና ዞረሽ ሂጂ፣ ምናለበት?"

ምን ከልክሏት እንደተቀመጠች የጠየቀ የለም። ሰባ። አርባ አራት። ሃያ ሁለት።

ከወዲያ የሚመጣውን ድልድዩ አያግድም። ከድንኳኑ አጎቷና ሁለት ሽማግሌዎች ወጡ፤ ደምሰው በተቀመጠበት አጠገብ፣ እግሩን እንዳይረግጡት ተጠንቅቀው አልፈው ወደሷ መጡ።

"ተይ ልጄ፣ የአባትሽን ለቅሶ የሰው መሳቂያ አታድርጊው" አሉ አጎቷ።

"እሱን ተነሥ በሉልኛ።"

"ለቅሶ የደረሰ ሰው ተነሥ ይባላል? አንቺ የቤት ልጅ ነሽ። ቻይው።"

"ክንዴን የሰበረኝ እኮ ነው፣ አጎቴ።"

"እናውቃለን" አሉ አጎቷ።

 ብዙአየሁ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ "እምቢ" አለች።

አሥር።

ድንኳኑ ውስጥ የደምሰው አልቦ ተናገረ፤ እናትነሽ ቢሮዋ ሆና በስክሪኗ ሰማችው። "አቶ ደምሰው፣ ይነሡ።" ሰውየው ዙሪያውን አየ፤ አንድ የሚያግዘው የፈለገ ይመስላል፤ ወንድሞቿ "ኧረ ይቀመጥ" ብለው ተነሡለት። አልቦው ግን ጠበቅ አለበትና እያነከሰ ወጣ። በሦስት ቀን ውስጥ፣ ያን ሁሉ ሰው በያዘ ድንኳን፣ ተነሥ ያለው ማሽኑ ብቻ ነው።

ድልድዩ ተከፈተ። ብዙአየሁ ስትደርስ ሸራው በአንድ በኩል ወርዶ፣ ወንበሮቹ ተደራርበው ነበር። በቀረው ምሰሶ ሥር ቆማ አለቀሰች።

አቶ ልሳነወርቅ ከቢሮአቸው ብቅ አሉ። "ድልድዩ ለምን ያህል ጊዜ እንደተዘጋ አይተሻል? ዋንጫው ሊያመልጠን ነው። ጥሰት አንድ ተመዝግቧል፤ ፈጻሚዋ ብዙአየሁ። ፈርሚበት።"

እናትነሽ አልፈርምም ልትል አፏን ከፍታ ነበር። መጀመሪያ ግን ቅጹን ስክሪኗ ላይ አወጣች። ግርጌው ላይ ፊርማዋ አለ። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ "ጊዜ ለመቆጠብ፣ እሺታቸው ከዘጠና አምስት በላይ የሆኑ ሠራተኞች ፊርማ አይጠበቅም፤ በስማቸው ይፈረማል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።"

"ፈረምሽ?" አሏት አቶ ልሳነወርቅ።

እናትነሽ ያለፈውን ወር ሪፖርት አወጣች፤ ከሱ በፊት ያለውንም፣ ከዚያም በፊት ያለውን። የዘጠኝ ዓመቱን ዜሮዎች አንድ በአንድ ገለጠች። የትኛውን ራሷ እንደፈረመች መለየት አቃታት።