የአድነው ጾም

ናይሮቢ ውስጥ ከካሳራኒ እስከ ዌስትላንድስ ሁለት ማታቱ ታክሲ ቀያይሬ፣ ውሃ የሞላ ባልዲ ጭኔ ላይ አቅፌ ደረስኩ። ባልዲው ውስጥ በጎኑ የተጋደመ አንድ ብርቱካንማ ዓሣ አለ። ቀሚሴ ርሷል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሱሪም ርሶ ስለነበር እስክወርድ ድረስ ሲነጫነጭብኝ ነበር።

የዓሣ መሸጫው ውስጥ ባልዲውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና፣

«ዛሬ ቢሞትብኝ አንተን አያድርገኝ!» ብዬ አፈጠጥኩበት።

«አይሞትም» አለኝ ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ልጅ፣ በአማርኛ። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቧል።

«ሐበሻ ነህ እንዴ?»

«ቤት ስገባ ነኝ» ብሎ ሳቀ። «ስሙ ማነው?»

«አድነው።»

«እሺ፣ አድነዋለሁ። ስሙን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ስሙ ነው፤ አድነው!»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዓሣ አልወድም። አድነው የእናቴ ነው። እናቴ የውብዳር ስትገዛው የሚሞት ይመስል ስለነበር አድነው አለችው፤ ስምም ጸሎትም እንዲሆን። እሱ ኖረ። እሷ ባለፈው ጥቅምት ሞተች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ እሱ ብቻ ነው።

ልጁ ኤልናታን ይባላል። ናይሮቢ የገባው በሦስት ዓመቱ፣ በስደተኛ እናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው።

«ሆዱ ተነፍቶ ነው የተጋደመው» አለኝ። «ሦስት ቀን ምንም አትስጪው።»

«ይጹም?»

«ይጹም።»

«በምን ይፈታል?»

«በተቀቀለ አተር። ልጣጩን ልጠሽ ስጪው።»

«በጾም ምግብ ጾም ሲፈታ ገና አሁን ሰማሁ!»

በየሁለት ቀኑ ካሳራኒ ቤቴ ድረስ ይመጣ ጀመር። የውሃውን ሙቀት ይለካል፣ ሲሦውን ይቀይራል፣ ጨው በማንኪያ ይጨምራል። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እሱ ግን ሦስት ሰዓት ይቆያል።

«ሮሃ፣ ችኩል ነሽ» ይለኛል።

«አውቃለሁ።»

«ዓሣን ረሃብ አይገድለውም። የሚወደው ሰው ችኮላ ነው የሚገድለው።»

አንድ ቅዳሜ እጄን ሊይዝ አለና መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሸታል» አልኩና ያዝኩት።

በአምስተኛው ሳምንት የአድነው ሆድ እንደገና ተነፋ። ኤልናታን ሌላ ሦስት ቀን ጾም አዘዘ። በሁለተኛው ቀን አድነው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ አፉን እየከፈተና እየዘጋ ሲያየኝ አላስቻለኝም። እናቴም በመጨረሻ ቀኖቿ ምግብ አልቀበል ብላኝ ነበር... ከምግቡ ትንሽ ቆንጥሬ ጣልኩለት። እየዋጠ ሲበላ ደስ አለኝ። ለኤልናታን አልነገርኩትም።

በማግስቱ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ተንሳፍፎ አገኘሁት። የሚንቀሳቀሰው ጉንጩ ብቻ ነው። ደወልኩ፤ ኤልናታን እየሮጠ መጣ። ገንዳውን አየ። ጎንበስ ብሎ የውስጡን ወለል አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይቅርታ፣ ሮሃ።»

«ለምንድነው ይቅርታ?»

«በጣም ይቅርታ...»

«ምን አድርገህ ነው?»

«እኔ? ምንም።»

«ምንም ያላደረገ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም! ውሃውን የቀየርከው አንተ ነህ! ምን ጨመርክበት?»

«ሮሃ፣ ሌላም የምነግርሽ ነገር ነበረ...»

«አልሰማም! የእናቴን ዓሣ ገደልክብኝ። ውጣልኝ!»

ወጣ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ያበላሁት እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ። ግን ጥፋትን የሚሸከምልህ ሰው ሲገኝ እንዴት ያሳርፋል!

ሰኞ ቢሮ ውስጥ የሻይ ኩባያዬ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ።

«ፖሌ ሳና!» አለችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከአዳራሹ ማዶ መወልወያዋን እንደያዘች።

ኩባያዬን አልነካችውም። አጠገቤም አልነበረችም። ይህን ቃል አራት ዓመት ሰምቼዋለሁ። እዚህ አገር ሰው ሲደናቀፍም፣ ሲታመምም፣ ሲሞትበትም «ፖሌ» ይሉታል። አጥፍቻለሁ ማለት አይደለም። አይዞሽ ነው፤ እግዜር ያጽናሽ ነው። ኤልናታን በስዋሂሊ አዝኖልኝ በአማርኛ ነው የተናገረው።

ስልኩን አያነሳም። ወደ ሱቁ ሮጥኩ። የሱቁ ባለቤት አብዱረህማን ብቻውን ነበር።

«ለቀቀ እኮ» አለኝ። «የካናዳው ጉዳያቸው አለቀላቸው። ሐሙስ ከእናቱ ጋር ይሄዳል። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀው! አልነገረሽም?»

ሊነግረኝ ነበር። ውጣልኝ አልኩት።

አብዱረህማን ትንሽ የጨው ከረጢትና የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ኤልናታን ፊደል አይችልም፤ አማርኛውን የጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደላት ነው። «ፍርፋሪውን ገንዳው ወለል ላይ አይቼዋለሁ። ምንም አይደለም። ጾሙን እንደገና ከአንድ ጀምሪ።»

አይቶ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አድነው አሁንም እየተነፈሰ ስለነበር ከአንድ ጀመርኩ። ማክሰኞ መስታወቱን በፎጣ ሸፈንኩት፤ እንዳያየኝ ሳይሆን እንዳላየው። ሐሙስ ጠዋት ፎጣውን ሳነሳ አድነው ቀጥ ብሎ ይዋኝ ነበር።

እነ ኤልናታን ደጅ ስደርስ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ቆሟል። እናቱ እትዬ አያልነሽ እግራቸው አብጦ ሻንጣ ላይ ተቀምጠዋል።

«ልጄን ያጠመድሽው ባለ ዓሣዋ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አምልጦኛል፣ እትዬ።»

ኤልናታን መጣ።

«አድነውስ?»

«ዳነ። ያላመጣሁት መንገዱ ይገድለዋል ብዬ ነው።»

ፈገግ አለ። 

«ቆይ ብልህስ?» አልኩት።

«እቆያለሁ።» እናቱን ዞሮ አያቸው። «ፋይላችን አንድ ነው። እኔ ከቀረሁ የሷም ይቆማል። ኩላሊቷ ደግሞ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት አይጠብቅም። ስለዚህ... አትበይኝ።»

ሦስት ቀን መታገሥ የማልችለው እኔ፣ ያን ቃል ጥርሴን ነክሼ ዋጥኩት።

«ይቅርታ» አልኩት።

«በአማርኛ ነው በስዋሂሊ?»

«በሁለቱም።»

እጁን ያዝኩት። ዓሣ ዓሣ አይሸትም። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

መጀመሪያ በየቀኑ ይደውል ነበር፤ ኋላ በየሳምንቱ። እሱ መመለስ አይችልም፤ እኔም እስክሄድለት እንዲጠብቀኝ አልጠየቅኩትም። በስምንተኛው ወር ተነጋግረን ተውነው። ሁለታችንም አለቀስን። እናቱ ደህና ናቸው።

አድነው አሁንም አለ። እንዳይነፋ በሳምንት አንድ ቀን መጾም አለበት፤ እኔ ረቡዕን መረጥኩለት። መስታወቱ ላይ ተለጥፎ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ምንም አልሰጠውም።

«ፖሌ» እለዋለሁ። አማርኛው አይበቃም።