ጀርባዬን ሰጥቼ ያየሁት ፍጻሜ

እኔ የቡድናችንን ልጆች የማውቃቸው በጀርባቸው ነው። ፊታቸውን መንገድ ላይ ባየው አልለየውም። በአክስቴ ልብስ ስፌት ቤት የማልያቸውን ቁጥር የምሰፋው እኔ ነበርኩ። ሰባት ቁጥር ትከሻው ጠባብ እንደሆነ፣ በረኛው በየወሩ እንደሚወፍር፣ አራት ቁጥር ብብቱን ቶሎ እንደሚቀድ ከእናቶቻቸው ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ፊደል ላይ እስከ ዛሬ እንደነገሩ ነኝ፤ ቁጥር ላይ ግን ማንም አይቀድመኝም።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ሰው ማልያ በፌስታል ይዞ ገባ። ሥራው መብራት መስመር መዘርጋት ነው፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦ ይወጥራል። ፀሐይ አክስሎታል።

«ለመሥሪያ ቤታችን ግጥሚያ ነው። አስር ቁጥር ስፊልኝ» አለ።

ከላይ እስከ ታች አየሁት።

«አንተ አስር ቁጥር አትሆንም። ተከላካይ ነህ። አምስት ነው የሚሆንህ።»

«ስጫወት ሳታዪኝ በምን አወቅሽ?»

«ሱሪህ ጉልበቱ ላይ ነው ያለቀው። አጥቂ እየወደቀ የሚያልቅበት መቀመጫው ላይ ነው።»

አክስቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «አንቺ ልጅ! ደንበኛ አታባሪብኝ!»

እሱ ግን ሳቀ። አምስት ቁጥር ሰፋሁለት። ማልያውን ሲቀበለኝ የሚያየው ስፌቱን ሳይሆን እኔን ነበር። እኔም መቀሱን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፍቶኝ ቀኑን ሙሉ ስፈልገው ዋልኩ።

በዚያው ሰሞን ቡድናችን ጥሎ ማለፉ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን ከተሸነፍክ ሻንጣህን ይዘህ ወደ ቤትህ ነው፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። ጨዋታውን የምናየው ከስፌት ቤታችን ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ነው። ባለቤቱን «ጋሽ ዳኛው» እንላቸዋለን። ሪሞቱን ከእጃቸው፣ ፊሽካውን ካንገታቸው አይለዩም፤ ስድብ ያበዛውን ሰው ፊሽካ ነፍተው ነው የሚያስወጡት። ከጨዋታው በፊት ያለው ሰዓት የተከታታዩ ድራማ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ያሉት ሴቶች ያቺ ሙሽራ ዛሬም ሳታገባ መቅረቷን አይተው፣ አልቅሰው ይወጣሉ። ወንዶቹ ይገባሉ። እኔ እንደተቀመጥኩ እቀራለሁ።

በመጀመሪያው ጨዋታ ሁለት ለባዶ እየተመራን ጉትቻዬ ወደቀብኝ። ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ጎንበስ አልኩ። ጎል! እንዳጎነበስኩ ስፈልግ የኛ ልጆች ደገሙት። ጉትቻዬን አግኝቼ ቀና ስል የነሱ አጥቂ አግዳሚውን መታው፤ ቤቱ በድንጋጤ ሊሞት ነበር። ጋሽ ዳኛው ፊሽካቸውን ነፉ።

«አንቺ! ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ! እንዳታዪ!»

ዞርኩ። ሦስት ለሁለት አሸነፍን።

ሌላው ሰው ሳቀበትና ረሳው። እኔ አንድ ነገር ከያዝኩ ይዣለሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ቡድኔ ሲጫወት ቴሌቪዥኑን ላላይ ማልኩ።

«ታዲያ ሳታዪ ምን ልትሰሪ ትመጫለሽ?» አሉኝ ጋሽ ዳኛው በሩብ ፍጻሜው ቀን።

«እኔ እነግራታለሁ» አለ አንድ ድምፅ። አምስት ቁጥሬ ነው።

አግዳሚ ወንበሩ አንድ ብቻ ነበር። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው፣ እሱ ወደ ቴሌቪዥኑ አድርገን ጀርባ ለጀርባ ተቀመጥን።

«ሰባት ቁጥር ኳሷን ይዟል» ይላል። «አለፈ፣ አሁንም አለፈ፣ ውይ! ብቻውን ቀረ። እንደ ድራማችሁ ሙሽራ!»

«ዘጠኝ ቁጥር የት ሄዶ ነው?»

«ፀጉሩን እያስተካከለ ነው። እንደዚያ ዘፋኝ ግማሹን ተላጭቶ ግማሹን ካሳደገ ወዲህ በግንባሩ ኳስ አይነካም። ይበላሽበታላ!»

ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ሳቄ በጀርባው አልፎ ሲነቀንቀው ይታወቀኛል። እየቆየሁ ስሄድ ቃሉን መጠበቅ ተውኩ። ጎል ሊገባ ሲል ትንፋሹን ይይዛል፤ አደጋ ሲመጣ ትከሻው ይደርቃል፤ ኳሷ ወደ ውጭ ስትወጣ እንደ ዳቦ ሊጥ ይለዝባል። ከአፉ በፊት ጀርባው ይነግረኝ ነበር።

ግማሽ ፍጻሜውን አሸንፈን እስከ ደጃችን ሸኘኝ።

«ሁሌ ጀርባዬን ነው የምታውቂው» አለኝ። «ብጠፋ ፊቴን ትረሺዋለሽ።»

«ጀርባህ ይበቃኛል። ቀኝ ትከሻህ ዝቅ ይላል።»

«መሰላል የምሸከምበት ነው።»

በሩን ይዤ ቆምኩ፤ እሱም አልሄደም። ከውስጥ አክስቴ ሳለች። ጉንፋን እንዳልያዛት ሁለታችንም እናውቃለን።

«ምሰሶ ላይ የሚውል ሰው ለባልነት አይሆንሽም» አለችኝ ስገባ። «ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ደግሞ ሽቦው ያደረሰው ቦታ።»

«ማን አገባዋለሁ አለሽ?»

«ፊትሽ ነዋ!»

የፍጻሜው ቀን ጠዋት ስፌት ቤት መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል። አክስቴ እንኳ አይታው ክር ልግዛ ብላ ወጣችልን።

«የምነግርሽ ነገር ነበረኝ» አለ።

«ከጨዋታው በኋላ።»

«ከጨዋታው በኋላ ላይመቸኝ ይችላል።»

«በጨዋታ ቀን ቁም ነገር አይወራም! ዕድል ያበላሻል።»

«ለአንድ ደቂቃ ብቻ ስሚኝ።»

«አልሰማም አልኩህ!» ብዬ ጆሮዬን በሁለት እጄ ያዝኩ። እንደ ሕፃን። እሱ ፈገግ አለ፣ ግን ፈገግታው ዐይኑ ጋ አልደረሰም። ያንን አይቻለሁ። አይቼው እንዳላየ ሆንኩ።

ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ። ወደ ተጨማሪ ሰዓት ተገባ። በመሀል ደጅ ላይ የከባድ መኪና ጥሩምባ ተነፋ። ጀርባው ደነገጠ።

«ምን ሆንክ? ማዕዘን ምት ነው?»

«አይደለም። ምንም አይደለም» አለኝ።

ተጨማሪው ሰዓትም አለቀ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ሆነ። አራት አራት መትተው አራት አራት አገቡ። ለእያንዳንዱ አንዳንድ ምት ቀረ። ጥሩምባው ደግሞ ተነፋ፣ አሁን ረዘም አድርጎ።

«ስሚኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሩቅ ቦታ ለሥራ ተመድቤያለሁ። ለሁለት ዓመት። ደጅ የቆመው የሚወስደን መኪና ነው። ጠዋት የመጣሁት ሚስቴ ሁኚ ልልሽ ነበር።»

«አሁን? አሁን ነው ይሄ የሚወራው?»

«ጠዋትማ ጆሮሽን ያዝሽ።»

«ሁለት ምት ነው የቀረው!»

«ዞር በይና እዪኝ። እሺ ካልሽ ሾፌሩን ለምኜ እቀራለሁ፣ ነገ ከአክስትሽ ጋር እነጋገራለሁ። ካልዞርሽም መልስሽ ይገባኛል። አልቀየምሽም።»

«ከዞርኩ እንደሚሸነፉ ታውቃለህ።»

ትከሻው ደረቀ።

«ሁለት ወር ሙሉ የማወራው ከጀርባሽ ጋር ነው» አለ። «ዛሬ አንድ ጊዜ ፊትሽን ስጪኝ።»

መዞር ፈልጌ ነበር። ይሄን እስክሞት እናገራለሁ። አንገቴ ጀምሮት ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይዟል። እነዚያ ቁጥራቸውን በእጄ የሰፋሁላቸው ልጆች መሀል ሜዳ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው እንደቆሙ ነግሮኛል። እኔ ዞሬ ቢሸነፉስ? ደግሞም አንድ ደቂቃ ናት አልኩ በልቤ። ሰው ለአንድ ደቂቃ ብሎ አይሄድም። አንገቴን መለስኩ፤ የግድግዳው ቀለም የተላጠበት ላይ ዐይኔን ተከልኩ።

ጀርባዬን በረደኝ።

ጨንቆት ነው የተነሳው ብዬ አሰብኩ። «ማን ነው የሚመታው? ንገረኝ እንጂ!» አልኩ። መልስ የለም። «ሳተ!» ብሎ ቤቱ ጮኸ፤ የነሱ ልጅ ነው የሳተው። «የኛ ማን ነው የሚመታው?» አልኩ። ከዚያ ጣራው እስኪነሳ ድረስ ጮኹ። ዋንጫው የኛ ሆነ።

ዞርኩ። ወንበሩ ባዶ ነው።

ወደ ደጅ ሮጥኩ፣ ግን በሩ ላይ ያዙኝ። «የዕድላችን ባለቤት እሷ ናት!» ብለው ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ከላይ ሆኜ የመኪናውን የኋላ መብራት አየሁት፤ በዳቦ ቤቱ በኩል ሲታጠፍ። «አውርዱኝ! አውርዱኝ!» እያልኩ አለቅሳለሁ። እነሱ ደስታ ነው ብለው ያጨበጭቡልኛል። አንዷ ጎረቤታችን እኔን አይታ አብራኝ አለቀሰች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባው ቱታ ሊያሳጥር መጣ። «እንኳን ደስ አላችሁ በላት ብሎኛል፣ ስለ ዋንጫው» አለኝ።

«አመሰግናለሁ በለው» አልኩ። ከዚያ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ሰውየው ሲወጣ ሦስት ቁጥርን ገልብጬ ሰፍቼ አገኘሁት።

አክስቴ የዚያን ቀን ማታ የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ተሳስቻለሁ» አለችኝ። እሷ ተሳስቻለሁ ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ነገ አውቶቡስ ያዢና ሂጂ፣ የኔ ልጅ።»

«ጥሎኝ የሄደው እሱ ነው።»

«አንቺ አልዞርሽለትም።»

«እሱስ አልጠበቀኝም!»

«እሺ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለችና መብራቱን አጠፋችው።

ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው አገባ የሚል ወሬ ነው የመጣው። እኔ ሻይ ቤቱን ተውኩ። ማልያ መስፋቱን አልተውኩም፤ ስንት አምስት ቁጥር በእጄ እንዳለፈ እኔና መርፌዬ ነን የምናውቀው። ቡድናችን ደግሞ፣ አይ ቡድን! አስራ ስምንት ዓመት አንድ ፍጻሜ ሳያይ ቀረ። በኋላ አክስቴም አረፈች፣ ስፌት መኪናዋ የኔ ሆነ።

ዘንድሮ ፍጻሜ ገቡ።

ሻይ ቤቱ ስሄድ ጋሽ ዳኛው ሸብተዋል፣ ፊሽካው ግን አለ። አልረሱኝም፤ ያንን አግዳሚ ወንበር አንስተው ወደ ግድግዳው አዞሩልኝ።

«ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሩልኝ» አልኳቸው።

«ምን ነካሽ? ልታስበይን ነው?»

«ዛሬ አያለሁ።»

እውነቱን ልናገር። የሄድኩት እንዲሸነፉ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድኔ እንዲሸነፍ ጸለይኩ። እያየኋቸው ቢሸነፉ፣ ያኔ አለመዞሬ ለአንድ ነገር ነበረ ማለት ነው። ያቺን ደቂቃ የሰጠኋት ለዋንጫው ነው ብዬ ቀሪውን ዕድሜዬን እኖር ነበር። ዐይኔን ሳልነቅል አየሁ። እንዳላርገበግብ እንኳ ተጠንቅቄ አየሁ። የአሁኑ ሰባት ቁጥር ሌላ ልጅ ነው፤ ትከሻው ሰፊ ነው።

ሦስት ለባዶ አሸነፉ። ምንም ሳይጨነቁ።

ቤቱ ተገለባበጠ፣ ወንበር ወደቀ፣ ብርጭቆ ተሰበረ። ጋሽ ዳኛው በሳቅ እየተንፈራፈሩ መጡና ትከሻዬን ያዙኝ።

«አየሽ አይደል? ያኔ በከንቱ ነው ግድግዳ ስታዪ የከረምሽው! ብትዞሪም ያሸንፉ ነበር!»

ለደስታ ብለው ነው እንዲህ ያሉኝ፤ ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም።

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ሰው ሁሉ እየጮኸ ወደ መንገድ ወጣ። ማንም ትከሻው ላይ ሊያወጣኝ አልመጣም። ቴሌቪዥኑ ላይ ልጆቹ ዋንጫውን ይዘው ይዞራሉ፤ ጀርባቸውን ወደኔ ሲያዞሩ ስፌቴ ቀጥ ብሎ ይታያል። በሩን ክፍት ትተውት ነው የሄዱት። ነፋሱ ከኋላዬ እየገባ ጀርባዬን በረደኝ። ፎጣዬን ደረብኩ። አልዞርኩም።