ሳተላይቷ ስታልፍ የሞተው ለኪ

ሰውዬው ገላጣው ሜዳ ላይ፣ ከቆመው የብርሃን መለኪያ መሣሪያ ስር ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በድንጋይ ብለውታል። ነጭ ሸሚዙ ደም ጠጥቷል፤ የጫማው ተረከዝ አፈር ዝቋል። መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሳም፤ ሹፌሩ ግን ካቴና ገብቶለታል።

ሹፌሩ የሟች ሚስት ወንድም ነው። ጠዋት ከሟች ጋር ሲጯጯሁ የመለኪያ ጣቢያው ግቢ ሁሉ ሰምቷል፤ ታዲያ ሌላ ማን ይጠርጠር? ሚስትየዋም ብትሆን አታስተማምንም፤ ባሏ ተጋድሞ እንባ ጠብ አላላትም። የሟች የሥራ ምክትል ግን፣ የኔ ጌታ፣ መሀረቡን ከአይኑ አላነሳም።

መርማሪዋን ሰው «መርፌ» ይላታል። ቀጭን ናት፣ ትወጋለች።

«እርስዎና ሟች እዚህ ምድረ በዳ ምን ትሠራላችሁ?» አለችው ምክትሉን።

«ሳተላይቷ ከላይ መሬቱን ታያለች። አይኗ ግን እንደ ሰው እየቆየ ይደክማል። ስለዚህ በላያችን ስታልፍ እኛም ከታች የመሬቱን ብርሃን እንለካለን። የሷና የኛ ካልተስማማ እናርማታለን።»

«ካላረማችኋትስ?»

«የደረቀውን ማሳ ለምለም ነው ትላለች። እርዳታ የሚላከው ደግሞ እሷን አይተው ነው።»

«ሟች ሲመታ ምን እያደረገ ነበር?»

«ሳተላይቷ ስታልፍ እየለካ። ሹፌሩ ከኋላው ሲመጣ በመስኮት በአይኔ በብረቱ አየሁት።»

ነጭ ጃኬት የለበሰችው መርፌ ወደ መለኪያው ጠጋ ስትል ምክትሉ ዘሎ ከፊቷ ቆመ።

«ኧረ እባክዎ! ነጭ ልብስ ብርሃን ይረጭበታል፤ እኛ እንኳ ጥቁር ሳንለብስ አንጠጋውም።»

ሬሳው አጠገብ ቆሞ እኮ ነው! መርፌ ወደ ሹፌሩ ሄደች።

«ምን አጣላችሁ?»

«ከተማ አድርሰኝ አለኝ። ጎማው ተንፍሷል፣ ልቀይር አልኩት። ቸኩሎ ጮኸብኝ፣ እኔም ጮህኩበት። ከዚያ መኪናው ስር ገባሁ። በቃ።»

ሚስትየዋን ደግሞ «አላለቀስሽም» አለቻት።

«ለባሌ ላልቅስ ለወንድሜ? ሁለቱ ባንድ ቀን እንዴት ይለቀሳል?»

«ባለቤትሽ ዛሬ ይለካ ነበር?»

«ጥቁሩ ቱታ ያው ተሰቅሏል። ዋናው ቢሮ እሄዳለሁ ብሎ ሸሚዙን አስተኩሶኝ ወጣ።»

መርፌ ወደ ዋናው ቢሮ ስልክ ደወለች፤ ከዚያ ሁሉንም የጣቢያው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሟች ነጭ ለብሷል» አለች። «በነጭ ደግሞ አይለካም፤ ይህን ከራስህ አፍ ሰማሁ።» ምክትሉ «እርስዎ» መባሉ እንደቀረ ልብ አለ። «ተረከዙ አፈር የዛቀው ስለተጎተተ ነው። ሹፌሩ ቢገድለው ወደ መለኪያው ለምን ይጎትተዋል? እየለካ ሞተ ማለት የፈለግከው አንተ ነህ፤ ወዴት ይሄድ እንደነበር ማንም እንዳይጠይቅ። ዋናው ቢሮ ደግሞ ይጠብቀው ነበር። የሳተላይቷ አይን እንደተዛባ ሊነግራቸው ነበር። ደህና ናት እያልክ ስትፈርም የኖርከውስ አንተ አይደለህም?»

ምክትሉ መሀረቡን ጨበጠ። «ቆይ ዝም በል፣ ቀስ ብለን እናርማታለን ብዬ ለመንኩት እኮ!» አለ። «ሰው እየተራበ ነው ብሎኝ ጀርባውን ሰጠኝ።»

ካቴናው ተፈታ። ሹፌሩ ቀጥታ ወደ እህቱ ሄደ።

«አንቺም ጠርጥረሽኝ ነበር?»

አንገቷን ደፋች። «ትንሽ።»

«እኔም አንቺን» አለና አቀፋት።