የግራ እጅ ቀስት

«ዴክስ፣ ይሄን ቀስት ከየት አመጣኸው?»

ዴክስ ፍላጻውን ለቀቀ። ፍላጻው የጭድ ዒላማው ላይ ጧ ብሎ ተተከለ። ከእሳት አደጋ ጣቢያው ጀርባ ያለው መለማመጃ ሜዳ በልጆችና በአባቶቻቸው ተሞልቷል፤ የአደኑ ወቅት ሊከፈት ስምንት ቀን ነው የቀረው።

ዊላ ቀስቱን አንድ ቀን ብቻ ነው በእጇ የያዘችው። ሆኖም ከሺህ ቀስት መሃል ታውቀዋለች። ግራጫ ነው፤ ጫፎቹ ላይ ያሉት ትንንሽ መዘውሮች ጥቁር ናቸው፤ መያዣው በሰማያዊ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ደግሞም ለግራኝ የተሠራ ነው።

«ይሄማ ተሰንጥቋል ያልከኝ ነው!»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ያየናል።»

«ሲሳብ ፊትሽ ላይ ይፈነዳል አላልከኝም?»

«መስሎኝ ነዋ!» አለ ዴክስ፣ ዓይኑን ዒላማው ላይ እንደተከለ። «ኋላ ተመልሼ ሳየው ጭረት ብቻ ሆኖ ተገኘ። አንቺ ደግሞ ትተሽዋል። ሌላ ሰው ከሚወስደው ብዬ ገዛሁት።»

«ታዲያ ስልክ አልነበረህም?»

«አቦ ዊላ፣ ቀስት ነው እኮ። አታካብጂ።»

ሊያምኑት የሚፈልጉትን ሰው ማመን አይከብድም፤ ዊላም ልታምነው ትንሽ ቀርቷት ነበር። አንደኛ ክፍል ሳሉ ክርናቸው ከሌሎቹ ልጆች ጋር እየተጋጨ ሲያስቸግር፣ መምህርቷ ሁለቱን ግራኞች አንድ ጥግ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ዴክስ የቀስት ነገር ያውቃል። ዊላ ደግሞ የተመታ አውሬ ደም ተከትላ ታገኛለች። ዴክስ ይህን አይችልም፤ ቀይና አረንጓዴ አይለይም፤ ቅጠል ላይ ያለ ደም ለእሱ ጭቃ ነው። ልጆች ያሾፉብኛል ብሎ ስለሚፈራ፣ ይህን ከእናቱና ከዊላ በቀር የሚያውቅ የለም። እሱ ቀስት ሊመርጥላት፣ እሷ ደም ልታይለት ተስማምተዋል።

ቀስቱ ለዊላ ጌጥ አልነበረም። አባቷ መጋዝ ቤቱ ውስጥ ወድቆ ትከሻው ከተሰበረ ወዲህ ቀስት መሳብ አይችልም። በየዓመቱ ሁለት አጋዘን ይጥልና ቤተሰቡ ክረምቱን በሥጋው ይወጣው ነበር፤ ዘንድሮ ግን ትልቁ ማቀዝቀዣ ባዶውን ያጉረመርማል። የአባቷ ቀስት የቀኝ እጅ ነው፤ ለእሷ አይሆናትም። ስለዚህ በጋውን ሙሉ ከገበሬዎች ማሳ ድንጋይ እየለቀመች አጠራቀመች። ለአዲስ ቀስት አይበቃም። ያገለገለ የግራ እጅ ቀስት ደግሞ በአቶ ሃልቨርሰን ሱቅ የሚገኘው በሦስት በአራት ዓመት አንዴ ነው። ያ ግራጫው ገንዘቧን የማያልፍ፣ ለክንዷም ልክ የሆነ ነበር። የመግዣውን ገንዘብ ልታወጣ ስትል ነው ዴክስ ጣቱን በሚታጠፈው የቀስቱ ክንፍ ላይ አሂዶ «ተሰንጥቋል፣ እንዳትገዢ» ብሎ በጆሮዋ ያንሾካሾከላት።

ከሜዳው ወጥታ በብስክሌቷ በቀጥታ ወደ ሱቁ ነዳች። አቶ ሃልቨርሰን ገና ሲያዩዋት ከባንኮኒያቸው ቀና አሉ።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ! አደን ተወች ሲለኝ እንዴት አዘንኩ መሰለሽ።»

«ማነው ያለዎት?»

«ጓደኛሽ ነዋ። አብራችሁ ወጣችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ብቻውን ተመልሶ መጣ። ዘንድሮ አታድንም፣ ሐሳቧን ቀየረች ብሎኝ ቀስቱን ወሰደ።»

«ስንጥቁስ?»

«የምን ስንጥቅ?» ሽማግሌው ተቆጡ። «እኔ የተሰነጠቀ ቀስት ግድግዳዬ ላይ የምሰቅል ሰው ነኝ? የመጣ ዕለት ክንፎቹን በጥጥ ጠረግኳቸው። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ቢኖር ጥጡን ይዞ ያስቀረው ነበር። ምንም አልያዘም!»

ዊላ ከሱቁ ወጣች። ሌላ ሰው ቢሆን ትሰድበውና ይወጣላት ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። በጣም ያንገበገባት ደግሞ ያን ቀን ሱቁ በር ላይ «ተባረክ ዴክስ፣ አዳንከኝ» ማለቷ ነበር። እሱም «ችግር የለም» ብሏታል። ዓይኗን እያየ!

ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችውም። አባቷ ነገሩን ሲሰማ «ዘንድሮ ዶሮ እየበላን ክንፍ እናወጣለና» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም።

ወቅቱ የተከፈተ ቅዳሜ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ዊላ፣ እንዳትዘጊው። አንዲት አጋዘን መታሁ። ደሙ ጠፋብኝ። እባክሽ ድረሺልኝ።»

ልትዘጋው ነበር። ነገር ግን በእነሱ አገር የዚህ ዓይነት ጥሪ እምቢ አይባልም። በአጥር ምክንያት ፍርድ ቤት የሚካሰሱ ጎረቤታሞች እንኳ፣ አንዱ አጋዘን አቁስሎ ከጠራ ሌላው ክሱን ትቶ ይወጣል። አውሬ ቆስሎ አይተውም። ዊላ ቦቲዋን አጠለቀችና በብስክሌቷ ወጣች።

ዴክስ ጫካው ውስጥ ፍላጻውን ካገኘበት ቦታ ተመልሶ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። «አንድ ሰዓት ፈለግኩ። መጀመሪያ ደሙን ያየሁ መስሎኝ ነበር፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነብኝ።»

ዊላ ጎንበስ አለች። ደሙ ወለል ብሎ ይታያል። ቅጠሉ ላይ ጠብ ጠብ ብሏል፤ ትንሽ ዝቅ ሲል ግንድ ላይ ተለጥፏል፤ ከዚያም ወደ ረግረጉ ቁልቁል ይወርዳል። ብዙ ነው። አጋዘኗ ሩቅ አልሄደችም።

«አየሽ?» አለ ዴክስ።

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣላት። «ጠፍቷል» ብትለው ያምናታል። አዝኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሷ ከአባቷ ጋር ተመልሳ አጋዘኗን ትወስዳለች። ማቀዝቀዣው ይሞላል። ዴክስም እስከ ዕለተ ሞቱ አያውቅም። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ይህን ያህል ቀላል ነው ለካ! እሱም ያን ቀን እንዲሁ ነው ያደረገው፤ ያስፈለገችው አንዲት ቃል ብቻ ናት።

«ዊላ? ጠፋ እንዴ?»

ፊቷን እያየ ይጠብቃል። እንዲህ ሲያምናት ጠላችው።

«ተከተለኝ» አለችው።

ረግረጉ ዳር፣ የወደቀ ዛፍ ሥር አገኟት። ሞታለች። ዴክስ አጠገቧ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«አንቺ ባትኖሪ...»

«ስንጥቅ አልነበረውም» አለች ዊላ።

«አልነበረውም» አለ ዴክስ። «ዕድሜዬን ሙሉ በወንድሜ የቀኝ እጅ ቀስት ነው የተንገላታሁት። ሌላ እስኪመጣ ስንት ዓመት ልጠብቅ? ፈለግኩት።»

«‹እኔም እፈልገዋለሁ› ብትለኝስ ኖሮ?»

«ትወስጂዋለሻ።»

እውነቱን ነው፤ ትወስደው ነበር። ይህ ግን የልቧን ቁስል አላሻረውም።

የአጋዘኗን ሆድ ዕቃ አውጥተው፣ አንዱ በአንድ እግር ሌላው በሌላው እየጎተቱ እስከ ዴክስ መኪና ድረስ አወጧት። ጭነው ሲጨርሱ ዴክስ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ታረቅን በቃ?»

«አልታረቅንም። አንዱን የኋላ እግር ከሰዓት ለአባቴ አድርስለት፤ ደም ተከትሎ ላገኘ ሰው የሚሰጥ ድርሻዬ ነው። ከእንግዲህ ስትመታ ግን ለእኔ አትደውል።»

«ሌላ ማን አለኝ?» አለ ዴክስ። «የዓይኔን ነገር ከእናቴና ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም እኮ።»

የዘጠኝ ዓመት ጓደኝነት ለዊላ ቀላል አይደለም። «እሺ» ብትለው ሰኞ ሁሉም እንደ ድሮው ይሆን ነበር። ቀጥሎ «እንዳትገዢ» ሲላት ግን ምን ታደርጋለች?

«ከእኔ አፍ አይወጣም፣ አትፍራ» አለችው፣ ብስክሌቷን ካስደገፈችበት አጥር እያነሳች። «አንተ ግን ለሌላ ሰው እውነቱን መንገር ልመድ።»