የሽንኩርቱ ቀልድ

«ሽንኩርቱ ከጠረጴዛው ሥር አለልሽ» አለ ዘካርያስ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ለማዕዶት እያቀበላት። «እጄን ሳነሳ አውጥተሽ ኢንሳፍ ፊት ታስቀምጪዋለሽ። ‹እስቲ አሁን አልቅሺልን› ትያታለሽ። ሰው በሳቅ ይፈርሳል።»

ማዕዶት ማዳመጫውን ተቀበለችው። «ጋሼ፣ እሷ ታውቃለች?»

«ካወቀችማ ምኑን ሰርፕራይዝ ሆነ? ስለ አዲሱ ድራማዋ እንጠይቅሻለን ብዬ ነው የጠራኋት። ላይቭ ልንገባ ስድስት ደቂቃ ቀርቶናል፤ ተዘጋጂ።»

ዘካርያስ ሳውዝ ሲ ሰፈር ካለች ጠባብ ስቱዲዮ በየቅዳሜው ለናይሮቢ ሐበሻ ታዳጊዎች የሚተላለፈው ፕሮግራም አዘጋጅ ነው። ማዕዶትን ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን ያመጣት እሱ ነው። አምና፣ በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ድራማዎችን የምትተችበት አጫጭር ቪዲዮ ትለቅ ነበር። ምላሷ ምላጭ ነው። ከሁሉም የገነነላት ግን የኢስሊ ሰፈር ልጆች በሠሩት ተከታታይ ድራማ ላይ የተናገረችው ነው። ዋናዋ ተዋናይት ኢንሳፍ የምታለቅስበትን ቦታ አሳይታ፣ «እዚህ ድራማ ውስጥ በደንብ የተወነው ሽንኩርቱ ብቻ ነው» አለች። ቪዲዮው በሁለት ቀን ከስልክ ስልክ ተዳረሰ፤ በሳምንቱ ዘካርያስ ደወለ። ዛሬ አሥራ አንደኛ ፕሮግራሟ ነው። ማታቱ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር የሚያውቋት አሉ።

ኢንሳፍም በበኩሏ ታወቀች። ትምህርት ቤት «ኪቱንጉ» ይሏት ጀመር፤ በስዋሂሊ ሽንኩርት ማለት ነው። ወር ሳይሞላ ድራማውን ትታ ወጣች። ማዕዶት ይህን የሰማችው ዘግይታ ነበር።

ኢንሳፍ ገብታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ሂጃቧን አስተካከለች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አየር ላይ ሳንወጣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለቻት።

«ጠይቂኝ።»

«ያን የማለቅስበትን ክፍል ሙሉውን አይተሽው ነበር?»

ማዕዶት ያየችው ጓደኛዋ ሀሴት የላከችላትን የሃያ ሰከንድ ቁራጭ ብቻ ነበር። ይህን ከሀሴት በቀር የሚያውቅ የለም።

«አይቼዋለሁ» አለች።

ኢንሳፍ ራሷን ነቀነቀች። «እሺ። አይቶ ካልወደደው ሰው ጋር ምን ጠብ አለኝ? እኔ ግን እስከ ዛሬ ‹ሳታይ ነው የፈረደችብኝ› እያልኩ ስምሽን ሳነሳ ከረምኩ። አውፍ በይኝ።»

ብትሰድባት ይሻል ነበር። ማዕዶት አፏን ልትከፍት ስትል ከካሜራው ጀርባ መቁጠር ተጀመረ፤ ቀይዋ መብራት በራች።

ሰላምታውን በቃሏ ስለምታውቀው እንደምንም ተወጣችው። እንግዳዋን አስተዋወቀች። ሁለት ጥያቄ ጠየቀች፤ መልሱን ግን አልሰማችውም። ዘካርያስ ፈገግ ብሎ እጁን አነሳ።

እጇን ከጠረጴዛው ሥር ሰደደች። ጣቶቿ የሽንኩርቱን ቅርፊት ነኩ። እጇን ግን ባዶውን መለሰችው።

«ኢንሳፍ» አለች። «ቅድም ዋሽቼሻለሁ። ያን ክፍል አላየሁትም። ያየሁት ሃያ ሰከንድ ነው። እዚህ ወንበር ላይ ያስቀመጠኝን ቀልድ የተናገርኩት ሳላይ ነው።»

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ዘካርያስ በጆሮዋ። «ወደ ስክሪፕቱ ተመለሺ!»

ማዕዶት፣ ኢንሳፍ ትንሽ ፈገግ ትልልኛለች ብላ ጠብቃ ነበር። ኢንሳፍ ፈገግ አላለችም። ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት።

«ልጅቷ ለምንድን ነበር የምታለቅሰው?» አለች ማዕዶት።

ኢንሳፍ ወደ ካሜራው አየች፤ ተመልሳ ወደ እሷ። «አጭር ታሪክ አይደለም። ከመጀመሪያው ካልሰማሽው አይገባሽም።»

«ማስታወቂያ በይ» አለ ዘካርያስ። «አሁኑኑ። ካላልሽ የሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳትመጪ።»

ማዕዶት ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወንበሯን ወደ ኢንሳፍ አዞረች።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለች።