ማንም ያልኖረበት ክፍል

«ወይዘሮ ብፅዓት፣ ፎቅ ላይ ያለው መብራት ዛሬም በራ» አለች ሃና በስልክ። «እቤት ውስጥ ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም የለም።»

የሃና እናት ኂሩት ከሞተች ስድስተኛ ቀኗ ነበር፤ አስከሬኗም ገና ከሆስፒታል አልወጣም። ጊዜው በፈረንጆቹ 2018 ኅዳር ውስጥ ነው። የስልሳ አንድ ዓመቷ ኂሩት ማክሰኞ ማታ ኤድመንተን በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤቷ ከደረጃው ሥር ሞታ ስትገኝ፣ ፖሊሶቹ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ተሰናክላ ወደቀች ብለው መዝገቡን ሊዘጉ ተቃርበው ነበር። እንዳይዘጋ የያዘችው ብፅዓት ናት። ብፅዓት ድንገተኛ ሞትን በሚያጣራ መሥሪያ ቤት አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለች፣ ጥቂት ተናግራ ብዙ የምታይ ሴት ነበረች። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም አንድ ነገር ጽፎላታል፤ ሟቿ እንደወደቀች አልሞተችም፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተንፍሳለች። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብፅዓትን እንቅልፍ ነስታታለች።

ኤድመንተን ስትደርስ ሃናን ካፖርቷን እንደለበሰች በረንዳው ላይ አገኘቻት። ልጅቷ ሊድስ ከተማ ነርስ ናት። እናቷ በሞተች ማግስት መጥታ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ታድራለች፤ ፎቁን አንድ ቀን አልረገጠችም። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ጡረተኛው ጋሽ ዘርኣጽዮን በራቸው ላይ ቆመው ወደ መስኮቱ ያንጋጥጣሉ።

«ስንት ወር ሙሉ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነበር የሚበራው፤ ሰዓቴን የማስተካክለው በእሱ ነው» አሏት። «ከሞተች ወዲህ ግን አርባ ደቂቃ ይዘገያል። ልጄ፣ መንፈስም ሰዓት ይሳሳታል እንዴ?»

ብፅዓት ደረጃውን ብቻዋን ወጣች።

ክፍሉ የኂሩት ወንድም የተክለአብ ነው። አልጋው ተነጥፏል፣ ነጠላ ጫማው ከአልጋው ሥር ተደርድሯል፣ በር ላይ ፒጃማ ተሰቅሏል። መላጫውን ስታነሣው ሥሩ ያለው አቧራ የመላጫ ቅርጽ ይዞ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ በስሙ የመጡ ያልተከፈቱ ደብዳቤዎች ተከምረዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ተኝቶ እንደማያውቅ አፍንጫዋ ነገራት። ከአልጋው ኋላ ጎንበስ ብላ ስታይ፣ የመብራቱ ገመድ የተሰካው ግድግዳው ላይ ሳይሆን ክብ ሰዓት ባለበት ታይመር ላይ ነው፤ በራሱ ያበራል፣ በራሱ ያጠፋል። ታይመሩን ከእጅ ሰዓቷ ጋር አስተያየችው። አርባ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ወርዳ ለሃና ስትነግራት ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች። ከዚያ የቤቱን ታሪክ አወጣችው። እናቷና አጎቷ ቤቱን በ2006 በጋራ ገዙት። የኖረችበት ኂሩት ብቻ ናት፤ ተክለአብ ከሚስቱ ጋር በከተማው ሌላ ሰፈር፣ ካምደን ነው ያለው። ቤቱ ሲሸጥ ግን ከባለቤቶቹ የኖረበት በትርፉ ላይ ግብር አይከፍልም፤ ያልኖረበት በድርሻው ልክ ይከፍላል። ስለዚህ ተክለአብ ለታክስ ቢሮው ኤድመንተን ነኝ አለ፤ እህቱንም ጎረቤት እንዲያይ በየማታው ወጥታ መብራቱን እንድታበራ አዘዛት።

«እማዬ ትሰቀቅ ነበር» አለች ሃና። «‹በሕይወት ካለ ሰው መንፈስ ጋር ነው የምኖረው› ትለኝ ነበር። ታይመሩን ስትገዛ ለእኔም አልነገረችኝ። ጉልበቷ እንቢ ሲላት ይሆናላ።»

በማግስቱ ብፅዓት ምድር ቤት የሚኖረውን ኤርምያስን አነጋገረች። ኤርምያስ መጋዘን የሚሠራ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ አስከሬኑን ያገኘውም እሱ ነው። ለፖሊስ ዘመዳቸው ነኝ፣ ኪራይ አልከፍልም ብሎ ቃል ሰጥቶ ነበርና ሊታሰር አንድ ሐሙስ ቀርቶታል፤ ዝምድና እንደሌላቸው ታውቋል። ብፅዓት ስትጠይቀው አንገቱን ደፋ። እንደዚያ በል ያለው ተክለአብ ነው፤ ኪራዩን ለታክስ ቢሮ አላስታወቁም። በዚያ ማክሰኞ እስከ አራት ሰዓት ሥራ ላይ እንደነበር ግን የመጋዘኑ መዝገብ ይመሰክርለታል።

«ስትገባ ኩሽና ያለውን የማይክሮዌቭ ሰዓት አይተሃል?» አለችው።

«አይቻለሁ። አምቡላንስ ስጠራ እሱን ነበር የማየው። አራት ተኩል ይላል፤ ልክ ነበር።»

ተክለአብን ካምደን ቢሮው ድረስ ሄዳ አገኘችው። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጨዋ፣ ሐዘን ያጎበጠው ሰው ይመስላል። ያን ማታ እህቱ ዘንድ መሄዱን አልደበቀም። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ደረሰ፤ ምግብ በማይክሮዌቭ አሞቀችለት፤ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደህና ትቷት ወጣ።

«የአንድ ሰዓቱን ዜና እስኪያልቅ አብረን አየን» አላት ዓይኑን እየጠረገ። «መብራቴንም ያበራችልኝ እሷ ናት። ጉልበቷን እያመማት በየማታው ትወጣ ነበር፣ የእኔ እህት።»

ብፅዓት ተሰናብታው ወጣችና ለኤሌክትሪክ ኩባንያው ደብዳቤ ጻፈች። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ ሁሉንም በኂሩት ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ተክለአብ ሶፋው ላይ፣ ሃና ከፊት ለፊቱ፣ ኤርምያስና ጋሽ ዘርኣጽዮን መስኮቱ ሥር ተቀመጡ፤ አንድ ፖሊስ በሩን ተደግፎ ቆመ። ፎቅ ላይ መብራቱ ቀጭ ብሎ ሲበራ ተክለአብ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ይቀመጡ፤ ታይመር ነው» አለችው ብፅዓት። «ኂሩት ስትገዛው ለማንም አልነገረችም። የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ይቆማል፤ ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል። ኂሩት እስከሞተችበት ቀን ልክ ነበር፤ ጋሽ ዘርኣጽዮን ምስክር ናቸው። ከማግስቱ ጀምሮ አርባ ደቂቃ ዘገየ። ስለዚህ ያን ማታ እዚህ ቤት አርባ ደቂቃ ኤሌክትሪክ አልነበረም። የመንገዱ መብራት ግን አልጠፋም፤ የጎረቤትም አልጠፋም። ያጠፋው ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ነው፤ ዋናው ማጥፊያ ደረጃው ሥር ነው።»

ፖሊሱ ወደ ደረጃው ዞሮ አየ።

«ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የማይክሮዌቩ ሰዓትም ይሳሳታል። ኤርምያስ ግን ልክ ሆኖ አገኘው። ያጠፋው ሰው ጠንቃቃ ነበርና ኩሽና ገብቶ ሰዓቱን አስተካከለ። የፎቁን መብራት ኂሩት በእጇ የምታበራው ይመስለው ስለነበር፣ እዚያ ሌላ ሰዓት አለ ብሎ አላሰበም።» ወረቀት ዘረጋች። «ቆጣሪው በየግማሽ ሰዓቱ ለኩባንያው ይመዘግባል። ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ተኩል ባዶ ነው፤ ፍሪጁ እንኳ አልሠራም። አቶ ተክለአብ፣ የአንድ ሰዓቱን ዜና በምን አዩት?»

ተክለአብ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ መስመሮቹን በጣቱ ተከተለ።

ብፅዓት ምክንያቱንም ነገረቻቸው። በቤቱ ውል መሠረት አንዱ ሲሞት ቤቱ በሙሉ ለሌላው ይተርፋል፤ ልጅ አይወርስም። ኂሩት ግን በነገረ ፈጅ አማካይነት ድርሻዋን ለይታ ለሃና አውርሳለች። መለያየቱ የሚጸናው ይህን የሚያስታውቀው የነገረ ፈጁ ደብዳቤ ወንድሟ መኖሪያ ሲደርስ ነው። ብፅዓት አንድ ያልተከፈተ ፖስታ ከቦርሳዋ አወጣች።

«ይህ ደብዳቤ ከመሞቷ ሦስት ቀን በፊት ደርሷል። ፎቅ፣ ጠረጴዛዎ ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ‹የምኖረው እዚህ ነው› ብለው ፈርመዋልና ሕጉ በእጅዎ እንደገባ ይቆጥረዋል። ቤቱን ለብቻዎ ሊወርሱት የሚችሉበት ቀን አልፎ ነበር።»

ተክለአብ ፖስታውን አልነካውም። ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ተናገረ። እህቱ ያን ማታ ሁለት ነገር ነገረችው፤ ድርሻዋን መለየቷንና ለታክስ ቢሮው እውነቱን መጻፏን። ደብዳቤው እጁ ስላልገባ፣ መለያየቱ ገና ያልጸና መስሎት ነበር። የጻፈችውን ላሳይህ ብላ ደረጃውን ስትወጣ፣ እንዳትደርስ ብሎ መብራቱን አጠፋው። ወደቀች።

«አልገፋኋትም» አለ።

«አምቡላንስስ?» አለች ሃና።

«በብርሃን ላያት አልቻልኩም። ጨለማው ውስጥ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ዝም እስክትል።»

ሃና ተነሥታ ፊቱ ቆመች። «ትናገር ነበር?»

ተክለአብ እጆቹን አየ። «ስሜን ትጠራ ነበር። እዚያ መሆኔን አላወቀችም መሰለኝ።»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አስወጣው። ጋሽ ዘርኣጽዮን አማተቡ። ብፅዓት ሃናን ይዛ ኩሽና አስገባቻትና እስኪነጋ አብራት ተቀመጠች።

ሃና ከቀብሩ በኋላ እናቷ የጻፈችውን ደብዳቤ ፎቅ ከመሳቢያ አገኘችው፤ አንድ ቃል ሳትለውጥ ለታክስ ቢሮው ላከችው። ተክለአብ ከገና በፊት ፍርድ ቤት ቀረበ። ብፅዓት ከኋላ ወንበር ሆና ሰማችው። ጸሐፊዋ እንደ ወጉ ስሙን ጠየቀችው፤ ተናገረ። አድራሻውን ስትጠይቀው ግን ዝም አለ፤ ዳኛው ቀና ብለው እስኪያዩት ድረስ ዝም አለ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ «ካምደን» አለ።